ፎቶግራፉ ለተነሺው!

አማርኛችን አንዳንዴ ሳናስበው እውነቱን ያወጣብናል። ከመሬት የወደቀ ሳንቲም ይነሳል፤ ፎቶግራፍም ይነሳል። ሳንቲሙን ያገኘ ሰው ኪሱ ከመክተቱ በፊት ግራ ቀኙን አይቶ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በደጃፋቸው ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉትን እናት ፊት በካሜራው ይዞ የሚሄደው ወንድማችን ግን ይህችን ጥያቄ ረስቷታል። «አነሳኋቸው» ብሎ ይመጣል፤ እናያለን፤ እናጨበጭባለን፤ አበቃ። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚህ ጭብጨባ ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግቢያችን ፎቶግራፍ ማንሳት የሚወዱ ተማሪዎች አሉ። እንጀራቸው አይደለም፤ አንዱ የሕግ፣ ሌላው የእርሻ፣ ሌላዋ የሒሳብ ተማሪ ናት። በዕረፍት ጊዜ ይጓዛሉ። ሲመለሱ ያነሱትን ይዘው ማታ ማታ በአንድ ክፍል ይሰበሰቡና ግድግዳ ላይ እያሳዩ ይወያዩበታል። ልማዱ የሚያስመሰግን ነው፤ እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ብዙ ማታ ተከታትያለሁ። በተለይ የሚወደዱት የጎጃም ፎቶግራፎች ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭቱ ተባብሶ መንገዱ አስጊ ከመሆኑ በፊት የተነሱ። አባይ በረሃ አለ፤ የጮቄ ተራራ ጅብራ አለ፤ ደብረ ማርቆስ አለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዲማ አለች።

ዲማን የማያውቅ ማን አለ? ከቢቸና ብዙ ያልራቀችውን ይህችን የቅኔና የመጻሕፍት አገር በእግሩ ያልረገጣት እንኳ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ፣ ወይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ያውቃታል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ሰው ነበሩ። መጽሐፋቸው በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ዓይኑ ልብ ወለዱን ነው የሚፈልገው። ይህም ባልከፋ ነበር።

ታዲያ ግድግዳው ላይ ምን አየን? አንዲት አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከወንዝ ትወጣለች። ከሥሯ የተጻፈው፤ «ሰብለ ወንጌል»። ቀጥሎ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ ልጅ መጣ። ከሥሩ የተጻፈው፤ «በዛብህ»። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

«ብርሃኑን እዩልኝ!» አለ አንዱ። «የኋላው መደብዘዝ ግሩም ነው፤ ሌንሱ ስንት ነው?» አለች ሌላዋ። ሦስተኛው ተነሥቶ ልጅቱ ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ ብትል ኖሮ ሚዛኑ ይጠበቅ እንደነበር በእጁ እያሳየ አስረዳ። ሃያ ደቂቃ ያህል በሁለት ፎቶግራፍ ላይ ክርክር ተደረገ። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ «ይቺ ልጅ ማን ትባላለች?» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም።

ልጅቱ እኮ ስም አላት! እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አላት፤ ክርስትና ስትነሣም ሌላ ስም ተጨምሮላታል። ስሟን መጠየቅ የከበደው ፎቶ አንሺ ግን ከልብ ወለድ ቀድቶ ሦስተኛ ስም ለጠፈባት። ይህም ቢሆን አልሆነለትም። የሐዲስ ዓለማየሁ ሰብለ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ ባላባት፣ ውሃ የሚቀዳላት እንጂ የምትቀዳ አይደለችም። ጀሪካን የተሸከመችውን ልጅ «ሰብለ» ብሎ መጥራት መጽሐፉንም ልጅቱንም አለማንበብ ነው።

«ስም ከመቃብር በላይ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ፍቅር እስከ መቃብር ከሆነ፣ ስም መቃብርንም አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። እኛ ግን ፊቱን ይዘን ስሙን እዚያው ጥለን እንመጣለን፤ ከዚያም ስለ ሌንስ እንከራከራለን።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ የሚሆነው ስለ ዲማ ሲወራ መሆኑ ነው። ሂስ ምን እንደሆነ ከቅኔ ቤት የተሻለ ማን ያውቃል? ተማሪው ከጉባኤ ቃና፣ ከዚያች ከሁለት ቤቷ ቅኔ ይጀምራል። ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርሙታል። ቃሉ አምሮ ምሥጢሩ ባዶ የሆነ እንደሆነ አይታለፍለትም። ሰሙ ቢያብረቀርቅ «ወርቁስ?» መባሉ አይቀርም። የኛ ማታ ጉባኤ ግን ሰም ሲያገላብጥ ያመሻል። ብርሃን ሰም ነው፤ የኋላ መደብዘዝ ሰም ነው፤ ሚዛን ሰም ነው። ወርቁ ያቺ ልጅ ናት፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ውሃው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬዳት፣ ትምህርት ቤት ትሂድ አትሂድ። «ወርቁስ?» የሚል መምህር ግን በክፍላችን ጠፋ።

ሌላም ቃል አለ። ቅኔን በቃል ማፍለቅ በኛ አገር «ዘረፋ» ይባላል፤ ባለቅኔው ቅኔ ዘረፈ ይባልለታል። ያ ዘራፊ የሚዘርፈው ከገዛ ልቡ ነው፤ ቢዘርፍ ማንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም የሰማው ሁሉ ይጨመርለታል። ዲማ ድረስ ሄደን የዘረፋን ትርጉም ገልብጠን የመጣነው እኛ ነን።

«ፎቶግራፍ ተሰብስቦ ማየት ዘመናዊ ነገር ነው፤ ሥርዓቱን ገና እየተማርን ነው» የሚለኝ ሰው ካለ እሱንም አልቀበለውም። ይህ ልማድ በየቤታችን አለ። እንግዳ ሲመጣ፣ ቡናው እስኪቆላና እስኪፈላ፣ አልበም ይቀርብለታል። እንግዳው ገጹን ይገልጣል፤ መጀመሪያ የሚያወጣው ቃል ምንድነው? «ይሄ ማነው?» ነው። የቤቱ እመቤት ረከቦቱን ትተው ብቅ ይላሉ፤ «እሱማ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ያኔ ደብረ ማርቆስ ሲማር የተነሳው፤ አሁን ሦስት ልጆች አሉት» ይላሉ። ከአንድ ጉርድ ፎቶግራፍ አንድ ዘር ይተረካል፤ ጋብቻ ይቆጠራል፤ የሞተ ይነሣል፤ አንዳንዴም ይለቀሳል። እኔን ጠይቁኝ፤ የፎቶግራፍ ውይይት ማለት ይህ ነው። ሌንሱ ስንት እንደሆነ የጠየቀ እንግዳ እስካሁን አላየሁም።

ፎቶግራፉ ሲሰጥም ወግ ነበረው። ሰው ወደ ፎቶ ቤት ይሄዳል፤ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ያለውን ልብስ ለብሶ፣ እንዳማረው ይቀመጣል ወይም ይቆማል። እንዴት መታየት እንደሚፈልግ የሚወስነው ራሱ ነው። ከዚያ በጀርባው በብዕር ይጽፍበታል፤ «ለማይረሳኝ ወንድሜ፣ ለማስታወሻ» ብሎ ቀኑንና ፊርማውን ያኖራል። ያ ጀርባ የፎቶግራፉ ግማሽ ነው። ዛሬ በየስልካችን የታጨቀው ሺህ ፎቶግራፍ ጀርባ የለውም። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለውን ሥራ የተመለከተ ሰው የምለው ይገባዋል፤ ወጣቶች ተነሥተው ከየቤተሰቡ አልበም የድሮ ፎቶግራፎችን ከነታሪካቸው ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ አደረጉት። ያን መጽሐፍ ውድ ያደረገው የካሜራው ጥራት አይደለም፤ ብዙዎቹ ፎቶግራፎች ደብዝዘዋል፣ ጠርዛቸው ተበልቷል። ውድ ያደረገው «ይሄ ማነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መኖሩ ነው።

በዚህ ጉዳይ ስናወራ ጣታችን ቶሎ ወደ ፈረንጅ ይቀሰራል። ይቀሰር፤ ምክንያት አለ። ማርሴል ግሪዮል የተባለው ፈረንሳዊ የሕዝቦች ባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1928 እና በ1929 ራስ ኃይሉ በሚገዙት ጎጃም ተቀምጦ ያየውን በኋላ መጽሐፍ አድርጎታል። ቀጥሎ የዳካር–ጅቡቲን የጥናት ጓድ መርቶ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ገባ። እዚያም የአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ተገንጥለው ተወሰዱ፤ በቦታቸው የጓዱ ሠዓሊ የሠራው ቅጂ ተለጠፈ። ሥዕሎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው። ይህን ስንሰማ ደማችን ይፈላል፤ መፍላቱም ተገቢ ነው። ግን እስቲ ከራሳችን ጋር እናስተያየው። ግሪዮል ዋናውን ወስዶ ቅጂውን ተወ። እኛ ቅጂውን እንወስድና ዋናውን፣ ማለትም ሰውዬውን፣ ባዶ እጁን ትተነው እንመጣለን። በዚህ ስሌት ግሪዮል እንኳ ቅጂ ትቶ ነው የሄደው!

ስም የሌለው ፊት የሚያደርሰውን በደል ዓለም ደጋግሞ አይቶታል። ዶሮቲያ ላንግ የተባለችው አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኒፖሞ በተባለ ቦታ፣ በአተር ለቀማ የሚተዳደሩ ችግረኞች ሰፈር ገብታ ልጆቿ ትከሻዋ ላይ የተደገፉባትን አንዲት እናት አነሳች። ስሟን አልጠየቀችም። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ፤ ሙዚየም ገባ፤ ቴምብር ሆነ። የሴትዮዋ ስም ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከ42 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ከዚያ ሁሉ ዝና ለእሷ የደረሳት ገንዘብ አልነበረም። በ1984 ስቲቭ ማከሪ በፓኪስታን የስደተኞች ሰፈር ያነሳት የአፍጋኒስታን ልጅ ደግሞ በ1985 የ«ናሽናል ጂኦግራፊክ» ሽፋን ሆነች፤ ሻርባት ጉላ መባሏ የታወቀው በ2002 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ዓለም ዓይኗን ሲያደንቅ ስሟን አላወቀም።

ሩቅ ምን አስኬደን? በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የካናዳ ቴሌቪዥን ሞት አፋፍ ላይ የነበረች አንዲት የትግራይ ሕፃን ቀርጾ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1985 «ላይቭ ኤይድ» በተባለው ኮንሰርት ላይ ያ ፊት ለሚሊዮኖች ታየ፤ ሰው አለቀሰ፤ ገንዘብ አዋጣ። ያ ሁሉ ተመልካች ግን «የኢትዮጵያ ረሃብ» አላት እንጂ በስሟ አልጠራትም። ብርሃን ወልዱ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን መድረክ ላይ በሁለት እግሯ ቆማ የታየች ጊዜ ነው ብዙው ዓለም ከፊቱ ጀርባ ሰው እንደነበረች ያወቀው። የኛን አገር ልጅ ምሳሌ ብቻ አድርገው ሲያዩዋት የተቆጣን ሁሉ፣ የዲማን ልጅ «ሰብለ» ብለን ስናጨበጭብ ያ ቁጣ የት ገባ?

አሁን ደግሞ መልስ የሚሰጡኝን ልስማቸው፤ በክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆመን ብዙ ጊዜ ተከራክረናልና።

አንዱ እንዲህ ይለኛል፤ «ካስፈቀድኩ ተፈጥሯዊነቱ ይጠፋል። ልክ ካሜራውን ሲያዩ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ 'ቆይ ነጠላዬን ላምጣ' ይላሉ፤ ፎቶው ይበላሻል።» ወንድሜ፣ የተበላሸው የማን ፎቶ ነው? እሳቸው ነጠላቸውን ለማምጣት ሲነሡ «በክብሬ አንሳኝ» ማለታቸው ነው። አንተ በሥራ ልብሳቸው፣ ጭስ በጠገበ ቀሚሳቸው የፈለግካቸው ለራስህ ትርኢት ነው። መንገዱም ቀላል ነው፤ ሁለት አንሳ። አንዱን እንደ አገኘሃቸው፣ አንዱን ነጠላቸውን አጣፍተው። ከዚያ ሁለቱንም አሳያቸው። «ይቺን አጥፋልኝ» ካሉህ አጥፋላቸው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባል የለ? ሳታስፈቅድ በሰው ደጅ ካሜራ የምትደግነው እናትህን ከሚያውቁ የሰፈርህ ሰዎች ደጅ ላይ ነው ወይ? አይደለም። የምትደፍረው እዚያ፣ «ይሄ የማን ልጅ ነው?» የሚልህ በሌለበት ነው።

ሁለተኛው፤ «እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ ከፎቶው ሳንቲም አላገኘሁበትም» ይላል። በኦሞ ሸለቆ ያሉ ሙርሲዎች ለአንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ክፈሉ ሲሉ «ገንዘብ ለመዱ» ብሎ የሚስቅባቸውም እሱ ነው። እኔ ግን ነገሩን ከኛ ቀድመው የተረዱት ይመስለኛል፤ ፎቶግራፍ ዋጋ እንዳለው አውቀዋል። አንተ ገንዘብ አላገኘህ ይሆናል፤ ጭብጨባ አግኝተሃል፤ «ዓይን አለው» ተብለሃል፤ ነገ ውድድር ብታስገባው ሽልማቱ ላንተ ነው። ያን ሁሉ ያገኘኸው በሰው ፊት ነው። «የሰው በልቶ አያድሩም ተኝቶ» የተባለው ለእህል ብቻ ነው ያለህ ማነው?

ሦስተኛዋ ደግሞ ትራቀቃለች፤ «ጥበብ ስም አይሻም፤ ይህ ፊት የሰው ልጅ ሁሉ ፊት ነው» ትላለች። ያማረ ንግግር ነው። እኔም አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ጥበብ ስም የማይሻ ከሆነ ከፎቶግራፉ ታች፣ በቀኝ በኩል፣ በነጭ ፊደል የተጻፈው የማን ስም ነው? የራስሽ ስም አይደለም እንዴ? አንዱ ስም ለጥበቡ ካልከበደው ሁለተኛው ለምን ይከብደዋል?

አራተኛው ግን ቁም ነገር ያነሣል፤ እሱን በቀልድ አላልፈውም። «በዚህ ጊዜ የሰውን ስምና አገር ግድግዳ ላይ መጻፍ ለሰውዬው መዘዝ ያመጣል» ይላል። እውነቱን ነው። ዘመኑ የሚያስፈራ ነው፤ አንድ ፎቶግራፍ ከማን እጅ ደርሶ ምን እንደሚያስከትል አይታወቅም። ስለዚህ ስሙ በማስታወሻ ደብተርህ ይቀመጥ፤ ግድግዳ ላይ አይውጣ። ይህን እቀበላለሁ። ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው አስበው፤ ስሙን ለመናገር የምትፈራለትን ሰው ፊቱን ለምን ታሳያለህ? ፊት ከስም ይልቅ ይታወቃል። በስሙ ላይ የሚደርሰውን አደጋ ያሰብክለትን ሰው በፊቱ ላይ ከረሳኸው፣ ጥንቃቄህ ላንተ ስንፍና መሸፈኛ ሆነ ማለት ነው።

የሕግ ተማሪዎች በመካከላችን ስላሉ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቁጥር 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ የታወቀ ሰው ወይም ባለሥልጣን፣ የፍርድና የፖሊስ ሥራ፣ የሳይንስ፣ የባህልና የትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ የተደረገ ሥርዓትና ክንውን። ስለዚህ በጥምቀት አደባባይ የወጣውን ሕዝብ ብታነሳ ሕጉ አይቆጣህም። በደጃፋቸው ጥጥ የሚፈትሉት እናት ግን አደባባይ አልወጡም። በጎጆው ደጅ ቅኔ የሚቆጥረው ተማሪም ሰልፍ አልወጣም። «ለባህልና ለትምህርት ነው» እንዳትለኝ፤ ስሙን እንኳ ያላወቅክለት ሰው ስለ ባህሉ ምን አስተማርከን? ይህ ሕግ የወጣው ካሜራ የጥቂቶች በነበረ ጊዜ ነው። ዛሬ ካሜራ በየኪሱ ሲገባ ሕጉን የሚያነበው ጠፋ።

«ተነሺ» የሚለው ቃል ዛሬ ሌላም ትርጉም አለው። መንገድ ወይም ፋብሪካ ሲሠራ ከቀዬው የሚነሣው ገበሬ «የልማት ተነሺ» ይባላል። እሱ እንኳ ቢያንስ በሕግ ካሣ ይባልለታል። የፎቶግራፍ ተነሺ ግን ከፊቱ ሲነሣ «አመሰግናለሁ» የሚለውም የለ።

ስለ ፎቶግራፍ አቀማመጥ ስትወያዩ «የሲሶ ሕግ» የምትሉት አለ፤ ምስሉን በሦስት ከፍሎ ዋናውን ነገር በሲሶው መስመር ላይ ማኖር። ሲሶ ስንል እኛ የምናውቀው ሌላ ሲሶ ነበር፤ «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለው። በዚያ ክፍያ አራሹ የደረሰው ምን እንደነበር ታሪክ ያውቀዋል። ከኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ!» ብለው አደባባይ የወጡት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስም የጮኹት በዚያ ሲሶ የተነሣ ነው። የኔ ጥያቄ ከዚያ ጎን ሲቆም ኢምንት ናት፤ ማንም አይታሰርባትም፤ አዋጅም አያሻትም። ፎቶግራፉ ሦስት ባለድርሻ አለው፤ ያነሳው፣ የሚያየውና የተነሳው። ሁለቱ ሲሷቸውን በልተው ያድራሉ። የሦስተኛው ሲሶ የት ደረሰ?

ነቀፋ ብቻ ይዤ እንዳልቀርብ ሦስት ነገር ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት ያነሳው ሰው ተነሥቶ አራት ነገር ይናገር፤ ማን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ፣ ፈቅዶ ወይስ ሳይፈቅድ። ለስሙ የሚያሰጋ ነገር ካለ «ስሙን አውቃለሁ፤ አልናገርም» ይበል፤ ፊቱን ማሳየት ይገባው እንደሆነም ያኔውኑ ይመርምር። ስሙን የማያውቅ ከሆነ «አላውቅም» ይበልና ይቀመጥ፤ ያ ፎቶግራፍ ለዚያ ማታ ይለፈው። ይህ ከሆነ በሁለት ወር ውስጥ ሰው ሁሉ ደብተር ይዞ መጓዝ ይጀምራል።

ሁለተኛ፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ አንድ አንድ ፎቶግራፍ ለተነሺው ታትሞ ይላክ። ለማሳተሚያ የሚወጣው ገንዘብ በሳምንት ለማኪያቶ ከምናወጣው አይበልጥም። «በምን እልከዋለሁ?» ላልከኝ፤ በዚህ ግቢ ከቢቸና፣ ከደብረ ወርቅ፣ ከሞጣ፣ ከደጀን የመጣ ተማሪ ሞልቷል። መንገዱ ሲከፈት አገሩ የሚገባ ሰው አይጠፋም። ፖስታው ላይ የሚጻፈው ስም ግን መኖር አለበት፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ስም ላይ እንመጣለን።

ሦስተኛ፤ በፎቶግራፉ ጀርባ እንደ አባቶቻችን ይጻፍበት። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለማን።

ይህች በስቴንስል እየተመታች የምትባዛ መጽሔታችን ፎቶግራፍ ማተም አትችልም፤ ቀለሟ እንደምታዩት አንዳንዴ ፊደሉንም ይውጠዋል። ይህ ድህነቷ ግን አንድ ጥሩ መፈተኛ ሰጥቶናል። ፎቶ አንሺዎቻችን ሆይ፣ ከዲማ ካመጣችሁት ውስጥ የምትኮሩበትን አንዱን ፎቶግራፍ ምረጡና ለሚቀጥለው እትም በቃል ጻፉልን። ሌንስ የለ፤ ብርሃን የለ፤ ቃል ብቻ። «አንዲት ሴት፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን» ብላችሁ ከዚያ ብዕራችሁ ከቆመ፣ ፎቶግራፋችሁም እዚያው ላይ ነው የቆመው። ስሟን፣ የዋለችበትን ሥራ፣ የነገረቻችሁን ቃል መጻፍ ከቻላችሁ ግን ሥዕሉ ባይታተም እናየዋለን።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ የክርክር ፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኛ አገር ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ ተይዞ ይለቀሳል። ለቅሶው ላይ እናት የልጇን ምስል በደረቷ ታቅፋ ትወጣለች፤ «ይኸው መልኩ» ትላለች። በዚህ ባለፈው ጊዜ በክልላችን ስንት ቤት ለቅሶ እንደተቀመጠ ከኛ የሚሰወር የለም፤ አብዛኛው የገጠር ቤት ደግሞ አልበም የለውም። እስቲ አስቡት፤ ያ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ የቆመ ተማሪ፣ ከሩቅ አገር እናቱን ትቶ የመጣ የሰው ልጅ ነው። አንድ ክፉ ነገር ቢያገኘው እናቱ የምታቅፈው ምስል ላይኖራት ይችላል። በሕይወቱ አንዴ ተነሥቶ ይሆናል፤ ያም ፎቶግራፍ በኛ መኝታ ክፍል፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ፣ «በዛብህ» በሚል ስም ተቀምጧል። እሷ ልጇን በእውነተኛ ስሙ እየጠራች ታለቅሳለች፤ እኛ እዚህ ስለ ኋላው መደብዘዝ እናወራለን።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ካሜራችሁን ጣሉ አላልኩም። አንሱ፤ ተጓዙ፤ መንገዱ ሲከፈት ዲማም ሂዱ። በሚቀጥለው ማታ ግን ከኋላ ወንበር እንደ ልማዴ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ እንደ ወጣ፣ ገና ማንም ስለ ብርሃኑ አፉን ሳይከፍት፣ እጄን አወጣለሁ። የምጠይቀውን ከአሁኑ እወቁትና ተዘጋጁ፤ «ይሄ ማነው? ፎቶውስ ደረሰው?»